ወርቅ የራሱ ብርሃን የለውም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

 

በዚህ እትም ልንነጋገርበት ያሰብነው ርእስ ወርቅ፣ ይልቁንም የወርቅ ቀለም ነው። «ለተማሪ ስለ ወርቅ ቢነግሩት ምን ይጠቅመዋል? ወርቁ የት አለና!» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ወርቅ በእጃችን ባይኖር እንኳ ከዐይናችን ርቆ አያውቅም። ቤተ ክርስቲያን ስንገባ በካህናቱ ካባ ጥልፍ፣ በጥላው ዘርፍ፣ በመስቀሉ፣ በቅዱሳን ሥዕል ራስ ዙሪያ እናየዋለን። ከቅጽሩ ስንወጣ ደግሞ በመስከረም በአደይ አበባ፣ በኅዳር በደረሰ የጤፍና የስንዴ ማሳ ላይ እናገኘዋለን። በሰው ስም ውስጥም አለ፤ ወርቁ፣ ወርቅነህ፣ ወርቅነሽ፣ ወርቂቱ እያልን እንጠራራለን። በጣቷ ቀለበት አጥልቃ የማታውቅ ድኻ እናት ልጇን «ወርቅነሽ» ብላ ስትጠራት ያላትን ሀብት መናገሯ ነው።

እንግዲህ ይህን ያህል በሕይወታችን ውስጥ የገባ ነገር ምን እንደሚያስተምረን መጠየቅ ተገቢ ነው። እኛም ከቅዱሳት መጻሕፍት፣ ከአባቶች ትምህርትና ከሀገራችን ታሪክ ባገኘነው መጠን ለመመለስ እንሞክራለን። የነገሩ ፍሬ በአጭሩ ሲነገር ይህ ነው፦ ወርቅ የራሱ ብርሃን የለውም፤ የተቀበለውን ብርሃን ይመልሳል እንጂ።

፩. ወርቅ እንዴት ያለ ፍጥረት ነው?

በመጀመሪያ ስለ ጠባዩ ጥቂት እንናገር። ወርቅ አይዝግም። ብረት በእርጥበት ሲበላ፣ ብር ሲጠቁር፣ መዳብ አረንጓዴ ሲያወጣ፣ ወርቅ ግን ብዙ መቶ ዓመት ከመሬት በታች ቢቀበር ቀለሙን አይለውጥም። ከባድ ነው፤ በመጠን እኩል ከሆነ ውሃ 19 እጥፍ ያህል ይመዝናል። ከባድ ቢሆንም ለስላሳ ነው፤ ለመዶሻ ይታዘዛል። አንድ ግራም ወርቅ እየተቀጠቀጠ ሲሳሳ ግማሽ ካሬ ሜትር ያህል ቦታ ሊያለብስ ይችላል። ለመቅለጥ 1,064 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ይፈልጋል፤ በእሳት ውስጥም ባዕዱ ነገር ሲለይለት እርሱ ይጠራል እንጂ አይጠፋም።

ከነዚህ ጠባዮቹ የተነሣ ቅዱሳት መጻሕፍት ለከበረውና ለተፈተነው ነገር ወርቅን ምሳሌ አድርገው ያቀርቡታል። ጻድቁ ኢዮብ በመከራው መካከል ሳለ፣ እግዚአብሔር ቢፈትነው እንደ ወርቅ ሆኖ እንደሚወጣ ተስፋውን ገልጿል (ኢዮ. 23፥10)። ሐዋርያው ቅዱስ ጴጥሮስም የተፈተነ እምነት ከወርቅ እንደሚበልጥ ሲያስተምር ወርቅን ከሚጠፉት ነገሮች ጋር ቈጥሮታል (1ኛ ጴጥ. 1፥7)። ልብ እንበል፤ እኛ በትምህርት ቤት «አይዝግም፣ አይበሰብስም» ብለን የተማርነውን ወርቅ ሐዋርያው ጠፊ ነው ይለናል። ምክንያቱም ሐዋርያው የሚመዝነው ከዘለዓለም ጋር ነው።

ከጠባዮቹ ሁሉ ግን ብዙ ጊዜ የምንዘነጋው አንድ አለ። የወርቅ መስቀል መብራት በሌለበት ዕቃ ቤት ቢቀመጥ ከተራ ብረት ተለይቶ አይታይም። እጅ ቢዳስሰው ቅርጹን ያውቅ ይሆናል፤ ዐይን ግን ወርቅ መሆኑን አያውቅም። ጧፍ ይዞ አንድ ሰው ሲገባ ያን ጊዜ መስቀሉ ቤቱን ሁሉ ያሞቀው ይመስላል። ብርሃኑ የጧፉ ነው፤ የወርቁ ድርሻ መቀበልና መመለስ ነው። ከዚህ በታች የምናነሣው ሁሉ የሚያርፈው በዚህ ነገር ላይ ነው።

፪. አንድ ጉትቻ፣ ሁለት መንገድ

የኦሪት ዘጸአትን ከምዕራፍ 32 እስከ 38 ያነበበ ሰው የሚያስደንቅ ነገር ያገኛል። እስራኤል ከግብፅ ሲወጡ ከግብፃውያን የወርቅና የብር ዕቃ ተቀብለው ነበር (ዘጸ. 12፥35)። ብዙ ዘመን ያለ ደመወዝ ጡብ ለረገጡ ሰዎች ይህ የላባቸው ዋጋ ነበር ማለት ይቻላል። ይህ ወርቅ በሚስቶቻቸው፣ በወንዶችና በሴቶች ልጆቻቸው ጆሮ ላይ ሆኖ ምድረ በዳ ገባ።

ሙሴ በተራራው ላይ በዘገየ ጊዜ ሕዝቡ ጉትቻቸውን ከጆሯቸው አውልቀው ለአሮን ሰጡ፤ ከዚያም ወርቅ ጥጃ ወጣ። ሰገዱለት፣ ዘፈኑለት። ሙሴ በወረደ ጊዜ ጥጃውን በእሳት አቃጠለው፣ ፈጨው፣ በውሃ ላይ በትኖ አጠጣቸው። ብዙ የተደከመበት አምላክ የአንድ ቀን መጠጥ ሆኖ ቀረ።

ወርቁ ግን በዚህ አላበቃም። ጥቂት ምዕራፎች ዝቅ ብለን ምዕራፍ 35ን ስናነብ ያው ሕዝብ፣ ወንዶችም ሴቶችም፣ የተረፈውን ጉትቻና ቀለበት ይዘው ወደ ሙሴ ይመጣሉ፤ በዚህ ጊዜ ለእግዚአብሔር ማደሪያ ነው። ከብዛቱ የተነሣ ሠራተኞቹ «በቃ» እስኪሉና ሙሴ በዐዋጅ እስኪከለክል ድረስ አመጡ (ዘጸ. 36፥5-7)። ለመቅደሱ ሥራ የዋለው ወርቅ ተመዝኖ 29 መክሊት ከ730 ሰቅል ሆኗል (ዘጸ. 38፥24)። ጉትቻው ያው የአንድ ሕዝብ ጉትቻ ነው፤ አንዱ ጣዖት ሲሆን ሌላው የታቦቱ ልባስ ሆነ። እንግዲህ ወርቅ በራሱ ቅዱስም ርኩስም አይደለም። የሚያከብረውም የሚያረክሰውም የሚሄድበት መንገድ ነው።

በሁለቱ መካከል ያለው ምዕራፍ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። በምዕራፍ 34 ሙሴ ሁለቱን ጽላት ይዞ ከተራራው ሲወርድ የፊቱ ቆዳ ያበራ ነበር። ሕዝቡ በታች ሆኖ የሚያበራ ነገር ፍለጋ ወርቅ አቀለጠ፤ ሙሴ ግን አንዲት ቅንጣት ወርቅ ሳይቀባ ከእግዚአብሔር ጋር ስለ ተነጋገረ ብቻ አበራ። በዚያ ላይ ፊቱ እንደሚያበራ እርሱ ራሱ አላወቀም ነበር። የሚያዩት ፈሩ እንጂ እርሱ መስተዋት ፊት አልቆመም። የእውነተኛ ብርሃን ምልክቱ ይህ ይመስለናል፤ ያበራው ሰው ስለ ራሱ አያውቅም፣ ሌሎች ግን መንገዳቸውን ያዩበታል።

ታቦቱም ቢሆን ሁለንተናው ወርቅ አልነበረም። የማይነቅዝ የግራር እንጨት ነበር፤ በውስጥም በውጭም በጥሩ ወርቅ ተለበጠ (ዘጸ. 25፥10-11)። አባቶቻችን ይህን ሲያመሠጥሩ ታቦቱን በእመቤታችን ይመስሉታል፤ በውስጥና በውጭ መለበጡ በነፍስም በሥጋም ንጽሕት ለመሆኗ ምሳሌ ነው ይላሉ። ለእኛ ለወጣቶች ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ግልጽ ነው። በውጭ ብቻ የተለበጠ ዕቃ አለ፤ እግዚአብሔር ያዘዘው ግን በቅድሚያ «በውስጥ» ነው። የታቦቱን ውስጥ ማን ከፍቶ ያየዋል? ሰው አያየውም፤ ወርቁ ግን እዚያም አለ።

፫. በሥዕል ላይ ያለው ወርቅ

በቊስጥንጥንያና በኢጣልያዋ ራቬና የነበሩ የጥንት ክርስቲያኖች የአብያተ ክርስቲያናቸውን ግድግዳ በወርቅ ያለብሱት ነበር። በራቬና የሚገኘው የቅዱስ ቪታሊስ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ547 ተባርኮ እስከ ዛሬ አለ። አሠራሩም ስስ የወርቅ ቅጠል በመስተዋት መካከል አስገብቶ በትንንሹ እየቈረጡ አንድ በአንድ መለጠፍ ነበር። ጠጠሮቹን ጥቂት ዘንበል እያደረጉ ስለሚተክሏቸው ሻማ ሲበራ ግድግዳው ሁሉ የሚንቀሳቀስ ይመስላል። በዚያ የወርቅ ሰማይ ላይ ፀሐይ አልተሣለችም፤ ጥላም የለም። ምክንያቱም ሠዓሊው ሊያሳየን የፈለገው ማታ የሚጠልቀውን ብርሃን ሳይሆን ከእግዚአብሔር የሚወጣውን ነው።

የሀገራችን ሠዓልያን መነኮሳትና ደብተራዎች ግን ይህን ያህል ወርቅ ከየት ያመጣሉ? አብዛኞቹ ያላቸው ብራና፣ የሸምበቆ ብርዕ፣ ከድንጋይ ከአፈርና ከዕፅ የተዘጋጀ ጥቂት ቀለም ነበር። ስለዚህ በወርቅ ፈንታ ቢጫ ቀለም ፈጭተው በቅዱሳን ራስ ዙሪያ አክሊለ ብርሃን አድርገው ሣሉበት። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የነበረው ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን በጣና ደሴት በዳጋ እስጢፋኖስ የምትገኘውን የእመቤታችንን ሥዕል ሠርቶ ስሙን ጽፎባታል። ከእርሱ በፊትም በኋላም የነበሩት አብዛኞቹ ግን ስማቸው እንኳ አልቀረም። ቢጫው ግን ቀርቷል። ምእመናንም ለብዙ መቶ ዓመት በዚያ ቢጫ ፊት ሲሰግዱ «ይህ ወርቅ አይደለም» ብለው ቅር አላላቸውም።

ከዚህም ጋር አንድ ነገር እናስታውስ። በሀገራችን ሥዕል ቅዱሳን ሁለት ዐይናቸው ታይቶ ፊት ለፊት ይሣላሉ፤ ክፉዎች ግን ፊታቸውን ዞር አድርገው በአንድ ዐይን ይሣላሉ። ብርሃንን ፊት ለፊት የሚቀበል አክሊለ ብርሃን አለው፤ ፊቱን ያዞረ የለውም። ይህ ሥርዓት ለማያነብ ገበሬ የተጻፈ ስብከት ነበር። ወርቅ ሳይኖር የወርቅን ነገር ማስተማር እንደሚቻል ከነዚህ አባቶች እንማራለን። የልደትን ሥዕል ስንመለከትም የግርግሙ ገለባና የሕፃኑ አክሊል በአንድ ዓይነት ቢጫ ተሥለው ብናገኝ አያስገርመንም፤ ሰብአ ሰገል ወርቃቸውን ይዘው የመጡት ወደ ገለባ ነውና (ማቴ. 2፥11)።

፬. ከአክሱም እስከ መቅደላ

ሀገራችን በጥንት ዘመን የወርቅ ገንዘብ ከሚያትሙ ጥቂት መንግሥታት አንዷ ነበረች። የአክሱም ነገሥታት በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ በንጉሥ ኢንዱቢስ ዘመን፣ ስማቸውንና መልካቸውን በወርቅ ላይ ማተም ጀመሩ። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ንጉሥ ዒዛና ክርስትናን ሲቀበል ቀድሞ በገንዘቡ ላይ የነበረው የጨረቃ ምልክት ቀርቶ መስቀል ገባ።

ነገር ግን ከወርቁ ገንዘብ ይልቅ የመዳቡ ይበልጥ ያስደንቀናል። የወርቁ ገንዘብ ለሩቅ ሀገር ንግድና ለታላላቆች የሚሆን ነው፤ የመዳቡ ተራው ሰው በገበያ የሚገበያይበት ነበር። በአንዳንዶቹ የመዳብና የብር ገንዘቦች ላይ ታዲያ ባለሙያዎቹ በንጉሡ ራስ ዙሪያ ወይም በመስቀሉ ላይ ጥቂት ወርቅ ለጥፈዋል። አስቡት! ድኻዋ እናት ጨው ለመግዛት ይዛው የወጣችው የመዳብ ገንዘብ በመካከሉ ወርቅ ነበረበት። ጌታችን በመቅደስ ተቀምጦ ባለጠጎች ብዙ ሲጥሉ፣ መበለቲቱ ግን ሁለት ሳንቲም ስትጥል አይቶ ከሁሉ የበለጠ የሰጠችው እርሷ መሆኗን የመሰከረው (ማር. 12፥41-44) እንዲህ ያለውን ወርቅ አይቶ ነው። መዳቡን ሳይሆን በመካከሉ ያለውን አየ።

ወርቅ ግን ይሄዳል። ሰሎሞን ያሠራቸውን የወርቅ ጋሻዎች የግብፁ ንጉሥ ሺሻቅ ወሰዳቸው፤ ልጁ ሮብዓም በምትካቸው የናስ ጋሻዎች አሠርቶ ዘበኞቹን አስያዘ (1ኛ ነገ. 14፥26-27)። በእኛም ሀገር በ1524 ዓ.ም. በጦርነት ጊዜ በወርቅ ያጌጠችው የመካነ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ተቃጥላለች። በ1860 ዓ.ም. ደግሞ የእንግሊዝ ጦር መቅደላን በያዘ ጊዜ ከተዘረፈው ንዋያተ ቅድሳት መካከል የወርቅ አክሊልና የወርቅ ጽዋ ይገኙባቸዋል። ሁለቱም በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጎንደር የተሠሩና እቴጌ ምንትዋብ ከተከሏት ከቍስቋም ማርያም ጋር የተያያዙ ናቸው። ሎንደን የሚገኘው የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ዘረፋው 150 ዓመት ሲሞላው በ2010 ዓ.ም. ለሕዝብ ዕይታ አቅርቧቸው ነበር።

የተዘረፈው ይመለስ ዘንድ መጠየቅ መብታችንም ግዴታችንም ነው። ያ ጽዋ የሙዚየም ጌጥ እንዲሆን አልተሠራም፤ ደሙ ሊቀዳበት ነው የተሠራው። በመስተዋት ሣጥን ውስጥ የኤሌክትሪክ መብራት ይበራለት ይሆናል፤ የተሠራለት ብርሃን ግን ያ አይደለም። ይሁን እንጂ ጽዋው ሲወሰድ ቅዳሴው አብሮ አልተወሰደም። በዚያው ዓመት በየገጠሩ በቀሩት አብያተ ክርስቲያናት ካህናት ባላቸው ጽዋ ቀድሰዋል። አባቶቻችን ወርቁን አጡ እንጂ ብርሃኑን አላጡም። እኛም ልንፈራ የሚገባን ወርቁ ተቀምጦ ብርሃኑ የሚጠፋበትን ቀን ነው።

፭. አፉ ወርቅ የሆነው አባት

በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአንጾኪያ ተወልዶ በኋላ የቊስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳሳት የሆነው ቅዱስ ዮሐንስ በስብከቱ ጣዕም የተነሣ «አፈወርቅ» ተብሏል። በቤተ ክርስቲያናችን ከ14ቱ ቅዳሴያት አንዱ በስሙ ይጠራል። በወርቅ የተጠራው ይህ አባት ስለ ወርቅ ያስተማረውን ስንመለከት ስሙ የተገባው መሆኑን እናያለን።

የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጕም ምእመናኑን እንዲህ ብሎ ጠይቋቸዋል፦ ክርስቶስ በድኻው ሰው ሆኖ በረኃብ እየተጨነቀ ሳለ ማዕዱ በወርቅ ጽዋ ቢሞላ ምን ይጠቅማል? አስቀድማችሁ የተራበውን አጥግቡ፣ ከተረፋችሁም ማዕዱን አስጊጡ አላቸው። ልብ በሉ፤ ቤተ ክርስቲያን አታስጊጡ አላለም። ቅደም ተከተሉን ነው ያስተካከለው። ለመቅደስ የሰጠ ሰው ድኻውን ረግጦ እንዳይገባ ነው ያስጠነቀቀው።

ይህ ቃሉ ለባለጠጎችና ለቤተ መንግሥት አልጣማቸውም። ንግሥቲቱ አውዶክስያ ጠላችው፤ በስደት ከሀገር ሀገር ሲንገላታ እ.ኤ.አ. በ407 በመንገድ ላይ ዐረፈ። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ እውነት ነው፣ ብዙ ጊዜ ነው። ድኻ ሲበደል ግን ዝምታ ወርቅ አይደለም። አፈወርቅ የተባለው ዝም ስላለ አይደለምና።

ሐዋርያው ቅዱስ ጴጥሮስም በመቅደስ ደጅ ለተቀመጠው ሽባ ብርና ወርቅ እንደሌለው ነግሮ ያለውን ሰጠው፤ በኢየሱስ ክርስቶስ ስም አስነሣው (የሐዋ. 3፥1-8)። በዚያ ቀን በመቅደሱ በር ካለው ወርቅ ሁሉ ይልቅ ለዚያ ሽባ የጴጥሮስ ባዶ እጅ ያበራለት ነበር።

፮. ወርቁን አክብሮ እጁን መናቅ

እዚህ ላይ ዝም ብለን ልናልፈው የማይገባ ነገር አለ። በሀገራችን ወርቅ ይከበራል፤ አንጥረኛው ግን ለብዙ ዘመን ሲናቅ ኖሯል። ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቆዳ ፋቂው «ቡዳ» እየተባሉ ተሰድበዋል፤ ጋብቻ ተከልክለዋል፤ ከማዕድ ተገልለዋል። በእጁ የተሠራውን መስቀል የምንሳለም ሰዎች እጁን ለመጨበጥ ስንጸየፍ ኖረናል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ ማውጣታቸው በሽታው ምን ያህል የጸና እንደ ነበር ያሳያል። ዛሬም ቢሆን በገጠርም በከተማም ጨርሶ አልተነቀለም።

እግዚአብሔር ግን ለመቅደሱ ሥራ ባስልኤልን በስሙ ጠርቶ፣ ወርቅንና ብርን ይሠራ ዘንድ በመንፈሱ እንደ ሞላው ተጽፏል (ዘጸ. 31፥1-5)። የእጅ ሙያ የመንፈስ ቅዱስ ስጦታ መሆኑን ከዚህ የበለጠ ማን ይመስክር? ከመቅደላ የተወሰደውን የወርቅ ጽዋ የሠራው ወልደ ጊዮርጊስ የሚባል ባለሙያ መሆኑ ይታወቃል። ስሙ ከጽዋው ጋር እስከ ዛሬ ይነሣል፤ የሰደቡት ሰዎች ቢኖሩ ግን ማን እንደ ነበሩ የሚያውቅ የለም።

አንጥረኛው ያስተማረን ሌላም ነገር አለ። በመጀመሪያ ቅርጹን በሰም ይሠራል፤ ሰሙን በጭቃ ይሸፍነዋል፤ በእሳት ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በባዶው ቦታ ወርቁን ያፈስሳል። የቅኔ ሊቃውንት «ሰምና ወርቅ» የሚለውን ስም የወሰዱት ከዚህ ሥራ ነው። አዋቂዎች የሚያከብሩት ይህ ታላቅ ጥበብ ስሙን ያገኘው ከተናቀው ሰው ወናፍ አጠገብ መሆኑን መርሳት አይገባንም።

፯. በእኛ በወጣቶች ሕይወት

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ዛሬ ብዙ ወጣቶች በወርቅ ምክንያት ሲጨነቁ እናያለን። እጮኛሞች ተስማምተው፣ ወላጆች ተባርከው ሳለ የጥሎሹ ወርቅ ስላልተሟላ ጋብቻው ዓመት ከዓመት ይተላለፋል። «የእገሊት ሐብል ይህን ያህል ግራም ነው» እየተባለ በሠርጉ ማግስት ይወራል። ተበድሮ ወርቅ ገዝቶ፣ ከሠርጉ በኋላ ወርቁን መልሶ ሸጦ ዕዳ የሚከፍልም አለ። ይህ ሁሉ ለማን ተብሎ ነው? ለሙሽሪት ቢሆን መልካም ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ለተመልካች ነው።

በቅዱስ ተክሊል ጊዜ በሙሽሮቹ ራስ ላይ አክሊል ይደፋል። አክሊሉ ያበራል፤ ጥቂት ቆይቶም ከራሳቸው ይወርዳል። የማይወርደው በጸሎት የተቀበሉት ጸጋ ነው። ሐዋርያው የሴቶች ጌጥ ከወርቅ ይልቅ የልብ የዋህነት ይሁን ብሎ ማስተማሩም (1ኛ ጴጥ. 3፥3-4) ሴቶችን ብቻ ለመገሠጽ እንዳይመስለን። ወርቅ ካላደረግሽ ብሎ የሚያስጨንቅ ወንድም፣ ወርቅ ካላመጣህ የሚል ዘመድም በዚህ ቃል ውስጥ አለበት።

በሌላ በኩል ደግሞ ወርቅ እጅግ ያማረ መንገድ ሲሄድ አይተናል። ከመካከላችን በእናቱ ጉትቻ የተማረ አለ። ዐይናችንን ከፍተን ብናይ በየቤቱ እንዲህ ያለች እናት አናጣም። በሠርጓ ቀን የተሰጣትን፣ ለክፉ ቀን ብላ በሙዳይ ያስቀመጠችውን ጉትቻ ለልጇ መጽሐፍና ልብስ፣ ለመንገዱም ስንቅ ብላ ወርቅ ቤት ወስዳ ትሸጣለች። ሲጠይቋትም «ከብዶኝ ነው» ብላ ትመልሳለች። ያ ጉትቻ ጥጃ አልሆነም፤ የሰው መቅደስ መሥሪያ ሆነ። እንግዲህ በእንዲህ ያለ ወርቅ የተማረ ልጅ ትምህርቱን ለኩራት ቢያደርገው፣ ወይም ተመርቆ ሲወጣ እናቱ በተቀመጠችበት ቢያልፋት፣ በሲና ተራራ ግርጌ ከተፈጸመው በምን ይለያል?

በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቈጠራል እንላለን። ወላጆቻችን፣ መምህራኖቻችን፣ ጓደኞቻችን፣ ይህች የወጣትነት ዕድሜያችንም በእጃችን ያሉ ወርቆች ናቸው። ከእጅ ሲወጡ ብቻ ወርቅነታቸውን መናገር አይጠቅምም።

ስለዚህ እኛ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በዚህ ነገር ብንስማማ መልካም ይመስለናል፦

ሀ/ ጋብቻችን በወርቅ ብዛት የማይመዘን እንዲሆን በእጮኝነት ጊዜ በግልጽ እንነጋገር፤ ለወላጆቻችንም በአክብሮት እናስረዳ።

ለ/ ለቤተ ክርስቲያን ስለት ስናስገባ በዚያው ልብ ለተራበው ወገናችን ድርሻ እንመድብ።

ሐ/ ባለ እጅን የሚያዋርድ ቃል ከአንደበታችን እናውጣ፤ ሲነገር ስንሰማም በትሕትና እንቃወም።

መ/ በየቤታችን ስላለው፣ የእናትና የአባት ድካም ስለሆነው ወርቅ ዛሬውኑ «እግዜር ይስጥልኝ» እንበል።

ማጠቃለያ

ጌታችን ደቀ መዛሙርቱን በጨውና በብርሃን መሰላቸው (ማቴ. 5፥13-14) እንጂ በወርቅ አልመሰላቸውም። ወርቅ ተቈልፎበት ይቀመጣል፤ ጨውና ብርሃን ግን ካልወጡ አይጠቅሙም። ወርቅ ባለቤቱ እንዳይሰረቅ ይፈራበታል፤ ብርሃንን ግን ለሺህ ሰው ብታካፍለው አይጐድልም። አንድ ጧፍ ከሌላው ሲለኰስ ብርሃኑ የቀነሰበት ጧፍ አይተን አናውቅም።

ጧፍን ካነሣን በየዕለቱ በቤተ ክርስቲያን የሚፈጸመውን ሰምና ወርቅ እናስተውል። ጧፉ ሰም ነው፤ ርካሽ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ማንም ድኻ ይገዛዋል። ሲበራ ግን ሰሙ እየቀለጠ ቢጫ ብርሃን ይወጣል። በዕቃ ቤት ያለው ወርቅ ሁሉ የሚታየው በዚህ በሚቀልጠው ሰም ነው። ወርቁ ሳይቀልጥ ያበራ ይመስላል፤ በእውነት የሚያበራው ግን የሚቀልጠው ነው። ኅዳር ላይ የደረሰው ጤፍም ወርቅ የሚመስለው ልምላሜውን ከሰጠ በኋላ ነው፤ በዚያን ጊዜም ራሱን አቀርቅሮ ይታያል እንጂ ቀና አይልም። ክብሩ ለአጫጁና ለሚበላው ነውና።

በራእይ መጽሐፍ የአዲሲቱ ኢየሩሳሌም አደባባይ ከጥሩ ወርቅ የተሠራ ሆኖ ታይቷል (ራእ. 21፥21)። በዚህ ዓለም ሰው በራሱ ላይ የሚደፋው፣ በአንገቱ የሚያስረው፣ በሣጥን የሚቈልፈው ወርቅ በዚያ የእግር መርገጫ ነው። በዚያች ከተማ ፀሐይና ጨረቃ አያስፈልጉም፤ የእግዚአብሔር ክብር ያበራላታልና (ራእ. 21፥23)። ያን ጊዜ ወርቅ በመጨረሻ በቦታው ይሆናል፤ ከእግር በታች፣ በእውነተኛው ብርሃን ፊት።

እንግዲህ በወርቅም ሆነ ያለ ወርቅ ብንኖር ፊታችንን ወደ ብርሃኑ የምናዞር፣ የተቀበልነውንም ለወንድሞቻችን የምንመልስ ያድርገን። በእሳት ሲፈትነን እንደ ኢዮብ ጠርተን እንድንወጣ በቸርነቱ ይርዳን። የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፣ የቅዱሳን ሁሉ ጸሎት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።